ጉርሻው መጣ፤ ማስታጠቢያው የት ቀረ?

ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጎረቤቴ መክተፊያ መሰማት ይጀምራል። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ከዚያ የምሳ ዕቃው ክዳን ቀጭ ብሎ ይገጠማል። ጎረቤቴ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪስ መያዝ ስላለባት የአምስት ዓመት ልጇ ቀትር ላይ የሚበላው ምሳ ወፍ ሳይንጫጫ ተሠርቶ ያልቃል። የእሷን ልጅም የእኔንም ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የማደርሰው እኔ ነኝ። ሁለቱ የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው፤ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ኮዳውን ከረሳ ከሌላው ይጠጣል።

ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ማታ በሁለቱም የመገናኛ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ተለጥፎ መጣ። ሰኞ "የፍራፍሬ ቀን" ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍሬ ይዞ ይምጣ ይላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ልጆቹ የፍሬዎቹን ስም ይማራሉ፣ ቀለም ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም ተቀላቅሎ አብረው ይበላሉ። ጎረቤቴ ሙዝ ገዛች፣ እኔ ፓፓያ ላክሁ።

ሰኞ ልጆቹን ልወስድ ስሄድ ቀደም ብዬ ስለደረስኩ በክፍሉ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ አንዲት መምህርት፣ አንድ ቢላዋና አንድ ሰማያዊ ሳፋ። መምህርቷ ፓፓያውን ሳታጥብ ከነልጣጩ ሰነጠቀችው። ቢላዋውን በሶፍት ጠርጋ ወደ ማንጎው አለፈች፣ ከማንጎው ወደ ሐብሐቡ። ውኃ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና የሚታጠብበት አልነበረም። ልጆቹ አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ቆይተው ነው የገቡት። ሳፋው መሐል ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሠላሳ ስምንቱም እጃቸውን አንድ ላይ ሰደዱ። ልጄ አንድ ቁራጭ ሙዝ አንስታ የጎረቤቴን ልጅ አጎረሰችው። እሱም በተራው አጎረሳት። ሁለቱም ሳቁ። በዚያች ቅጽበት ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ደስ አለው፣ ሌላው ደነገጠ።

ረቡዕ ዕለት ከክፍሉ ብዙ ልጅ ቀረ፤ ተቅማጥና ትውከት ነው አሉ። የጎረቤቴም ልጅ ታመመ፤ እሷም ከሥራ ቀርታ ጤና ጣቢያ ዋለች፣ የቀን ክፍያዋም ተቆረጠ። ፍሬው ነው ያመጣው ብዬ አልምልም። ልጅ ከመቶ ቦታ ሊታመም ይችላል። ጥርጣሬው ግን ከወላጆች ልብ አልወጣም፤ በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ።

በስብሰባው ላይ

ቅዳሜ ከሰዓት በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን እስኪነካ ተጣጥፈን ተቀመጥን። አንዳንዶች ጨርሶ ይከልከል አሉ፤ ልጅ ሁሉ ከራሱ ምሳ ዕቃ ይብላ፣ ልደትም ቢሆን ኬክ አይግባ። ሌሎች ተቆጡ፤ በአንድ ትሪ በልተን አይደል ያደግነው፣ ልጅን ስስት ልናስተምር ነው ወይ አሉ። ርዕሰ መምህርቷ ደግሞ የውኃውን ፈረቃ እያነሱ ማንን ልውቀስ አሉ።

ከዚያ ጎረቤቴ ተነሣች። ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። በምትሠራበት መስመር መርፌ ከተሰበረ ምን እንደሚደረግ አስረዳች። ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። ስብርባሪው አንድ በአንድ ተለቅሞ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ መሆኑ ሳይረጋገጥ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ስባሪው ከጠፋ በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል።

"ዓይቼው ለማላውቀው የሰው አገር ልጅ ልብስ እንዲህ እንጠነቀቃለን፤" አለች። "የእኛ ልጆች የሚበሉበትን ቢላዋ ማን ነው የሚያየው? አብረው አይብሉ አላልኩም። ልጄ ብቻውን ሲበላ ማየት አልፈልግም። የጠየቅሁት ስለ ቢላዋው ነው።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጉዳይ ስከታተል ቆይቻለሁ። ያወቅሁት ሁሉ የሚመለሰው ወደ እሷ ጥያቄ ነው።

ከእጅ እስከ አፍ

የወላጆች ስጋት የቅንጦት ስጋት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ከተበከለ ምግብ በሚመጣ ሕመም ይያዛል፤ 420 ሺህ ይሞታል። ከሟቾቹ 125 ሺህ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሸክሙ የሚከብደው አፍሪካ ላይ ነው።

በዚያች ሳፋ ዙሪያ የነበረውን ነገር በዝግታ እንየው። የመጀመሪያው ቢላዋው ነው። የፓፓያ ልጣጭ ማሳ ላይ፣ መኪና ላይ፣ ጉሊት ላይ ሲንከባለል የሰነበተ ነው። ሳይታጠብ ሲሰነጠቅ ስለቱ የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ሥጋው ይዞት ይገባል። ፍሬው ቢላጥም ባይላጥም አስቀድሞ መታጠብ ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እጅ ነው። ጤነኛ የሚመስል ሰው በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ዓለም በደንብ የተማረው ከአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ሜሪ ማሎን ትባላለች፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክና አካባቢዋ በሀብታም ቤቶች ምግብ ታበስል ነበር። በሄደችባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ታይፎይድ ይነሣል፤ እሷ ግን ጤነኛ ትመስል ነበር። ጉዳዩን የተከታተለው ጆርጅ ሶፐር ከበሰለው ምግቧ ይልቅ የጠረጠረው ሰው ሁሉ የሚወድላትን አይስክሬም ነው፤ ጥሬ ኮክ እየቆራረጠች የምትጨምርበትን። የበሰለውን ምግብ እሳት ያነጻዋል። በእጅ የተቆረጠን ጥሬ ፍሬ የሚያነጻ እሳት የለም። በዚህ በኩል የፍራፍሬ ቀን ከሽሮ ቀን ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሕፃናት ደግሞ በዚህ ረገድ የተለዩ ናቸው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ኤ ትንንሽ ልጆችን ሲይዝ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ዓይናቸው ቢጫ ሳይሆን ለጓደኛና ለወላጅ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ "የታመመ ልጅ አይምጣ" የሚለው ደንብ ብቻውን አይበቃም። በር ላይ የሚረጭ ሳኒታይዘርም ቢሆን አሸዋና ጭቃ የነካን እጅ አያጸዳም፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አይገድልም። ውኃና ሳሙና ግን አጥቦ ይወስደዋል። በመዋዕለ ሕፃናትና በትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ እጅን የመታጠብ ልማድ ተቅማጥን ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ የምሳ ዕቃውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ጎረቤቴ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ የዘጋችውን ምሳ ልጇ የሚከፍተው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። ተህዋሲያን በደንብ የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ሲመቻቸው በየሃያ ደቂቃው ይባዛሉ፤ አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያሉ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ያልፋሉ። ሩዝና ፓስታ በዚህ ክፉኛ ይጠቃሉ፤ በውስጣቸው ያለው የአንዳንዱ ተህዋሲ ዘር መፍላትን እንኳ ተቋቁሞ ይቆያልና። በአንጻሩ እንጀራ በእርሾ ቦክቶ ስለሚጋገር ኮምጣጣነቱ ራሱ ይጠብቀዋል። እንግዲህ "የራሱን ይብላ" ማለት ብቻውን ልጅን ከበሽታ አያድንም። የሚሻለው ትኩስ ምሳ አቀዝቅዞ ከመዝጋት ይልቅ በደንብ በሞቀበት ሙቀት በሚይዝ ዕቃ መላክ፣ አለዚያም ቶሎ የማይበላሽ ደረቅ ነገር መምረጥ ነው።

ስለ ልደት ኬክም ተነሥቷል። በአሜሪካ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሻማ በትንፋሽ ሲጠፋ በኬኩ ክሬም ላይ ያለው ባክቴሪያ በ1,400 በመቶ ጨምሮ አግኝተውታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ተመራማሪዎቹ ግን ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ መሆኑን አልደበቁም። ሻማውን ለባለልደቱ በተለየ ትንሽ ዳቦ ላይ ተክሎ ትልቁን ኬክ ማትረፍ ይቻላል። ልደቱን መሰረዝ አያስፈልግም።

አሳላፊው የሚቀምሰው ለምን ነበር?

"በአንድ ትሪ በልተን አይደል ያደግነው" የሚለው ሙግት እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ረስቷል። በአያቶቻችን ቤት መሶቡ ከመከፈቱ በፊት ምን ይቀርብ ነበር? ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ። ከቤቱ ልጅ አንዱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ከትልቁ ጀምሮ እስከ ትንሹ እጅ ያስታጥባል። እንግዳ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ቢቆርስ ነውር ነበር። ከተበላም በኋላ ማስታጠቢያው ይመለሳል።

መጠጡም እንዲሁ ነው። አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ልማዱ መርዝ ከመፍራት ቢጀምርም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ለሌላው የምሰጠውን አስቀድሜ በራሴ ላይ አረጋግጣለሁ ማለት ነው።

ጉርሻችን ያለ ማስታጠቢያ አልተወለደም። ሁለቱ የአንድ ማዕድ ሥርዓት ናቸው። መዋዕለ ሕፃናቱ ያመለጠው ይሄ ነው፤ ከባህላችን ጉርሻውን ብቻ ወስዶ ማስታጠቢያውን ከቤት ትቶት ሄደ። ለመከልከል የሚሟገቱት ወላጆች በዚህ ተቆጥተው ጉርሻውንም አብረው ሊጥሉት ነው። እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ማስታጠቢያውን እናምጣ።

ብዙ ልጅ፣ አንድ ማዕድ

ይህ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የቁርስና የምሳ ምገባ ጀምሯል። ሲጀመር 300 ሺህ ተማሪ ያቀፈው ምገባ ዛሬ ከ700 ሺህ በላይ ደርሷል። ከዚያ በፊት የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር በፍሬዓለም ሺባባው መሪነት በከተማዋ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆችን ሲመግብ ቆይቷል። በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚወድቁ ልጆች እንደነበሩ መምህራን ያስታውሳሉ። ምግቡን የሚያበስሉት ብዙዎቹ ራሳቸው የተማሪ ወላጆች ሲሆኑ መጋቢ እናቶች ይባላሉ።

በዚህ ስፋት ሲበላ ስሕተቱም ይሰፋል። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቢሃር ግዛት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞቱ። ዘይቱ ፀረ ተባይ በነበረበት ዕቃ የተቀመጠ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ሽታው አላማራትም፤ ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም። በሐምሌ 1996 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሳካይ ከተማ በትምህርት ቤት ምሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ኢኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ፤ በወቅቱ ሦስቱ ሞቱ።

ጃፓኖች ከዚያ በኋላ አብሮ መብላትን አልከለከሉም። ዛሬም ልጆቹ ራሳቸው ነጭ ካፖርትና ኮፍያ ለብሰው፣ አፋቸውን ሸፍነው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ምግቡ ለተማሪ ከመቅረቡ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ በፊት ርዕሰ መምህሩ ወይም ሌላ ኃላፊ ይቀምሳል። ከእያንዳንዱ ምግብ 50 ግራም ያህል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቀዝቅዞ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ልጅ ቢታመም ምክንያቱ በግምት ሳይሆን በምርመራ እንዲታወቅ። ሕንድም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ ምግቡ ከመታደሉ በፊት አንድ መምህር ያለበት የአዋቂዎች ቡድን እንዲቀምሰው አዘዘች። ይህን ሳነብ የእኛ አሳላፊ ትዝ አለኝ። ሌሎች ልጅ ቀብረው የደነገጉትን ሥርዓት እኛ በጠጅ ቤት እናውቀዋለን።

ብቻውን የሚበላ ልጅ

"ሁሉም ከራሱ ምሳ ዕቃ" የሚለው ደንብ ለማን እንደሚከብድ እናስብ። ጎረቤቴ የምትሠራበት ቦሌ ለሚ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ መንግሥት የገነባው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸው ቤት ኪራዩን ችሎ ምግቡን የሚያጎድል ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነጻ ዕድላቸውን አጡ፤ ሥጋቱም የሠራተኛው ቤት ገባ። ከእነዚህ እናቶች የአንዷ ልጅ የምሳ ዕቃ አንዳንድ ቀን ደረቅ ዳቦ ብቻ ይይዛል። ምሳ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲከፈቱ ያ ልጅ ሳይሳቀቅ ከጓደኛው ይቀምሳል። ሲከለከል ዳቦውን ይዞ ጥግ ይይዛል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ለባለጸጋው የተነገረ ነው፤ በክልከላው ግን ብቻውን የሚቀረው ድሃው ልጅ ነው።

ከንጽሕና ሌላ የሚከበር ነገርም አለ። በአንድ ክፍል የጾም ልጅ አለ፣ የሙስሊም ልጅ አለ፣ የክርስቲያን ልጅ አለ፤ የሥጋ ነገር ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነካም። ለውዝ ወይም እንቁላል የማይስማማው ልጅም ይኖራል፤ አንዳንዱን ትንሽ ቁራሽ እንኳ ለሞት ያደርሰዋል። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ከየቤቱ ወጥ ሲመጣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል። መፍትሔው መጠየቅ ነው፤ ዓመቱ ሲጀመር አንድ ገጽ ቅጽ ለየወላጁ ሰጥቶ መልሱን ክፍሉ ውስጥ መለጠፍ።

አሥር ደቂቃ

ስብሰባው ከመበተኑ በፊት አንድ አባት ስሌት ሠራ። የዓለም ጤና ድርጅት እጅን በሳሙና በደንብ ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ያስፈልጋል ይላል። ሠላሳ ስምንት ልጅ በአንድ ቧንቧ ሲታጠብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የምሳ ሰዓቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ነው። ውኃ ባለበት ቀንም ልጆቹ የማይታጠቡት ስላልተማሩ ሳይሆን ሰዓቱ ስለማይበቃ ነበር ማለት ነው። አራት መታጠቢያ ካለ ግን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ኮሮናን አስታወስን። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲከፈቱ በየበሩ መታጠቢያ ተተክሎ ነበር። የእኛው መዋዕለ ሕፃናት የተከለው ደርቆ መጋዘን ገብቶ ነበርና ወጣ። የጎደለውን ባለ ቧንቧ ጀሪካን ወላጅ አዋጣ፤ ሳሙናው በየወሩ በተራ እንዲመጣ ተስማማን። ውኃ በሚመጣበት ቀን ተቀድቶ ይከደናል። ለመታጠቢያ የሚሆነው ከሚጠጣው ተለይቶ ይቀመጣል። ቢላዋ የሚያስፈልገው ፍሬ ታጥቦና ተቆርጦ በሁለት መምህራን ፊት በንጹሕ ሹካ ይታደላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሙዝና መንደሪን ተመረጠ፤ ልጅ በራሱ እጅ የሚልጠው፣ ቢላዋ የማይነካው።

ሁለተኛው የፍራፍሬ ቀን ደረሰ። ልጆቹ በአራት ረድፍ ተሰለፉ። በየረድፉ ራስ አንድ አስታጣቢ ቆሟል፤ ሥራው በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ፎጣ ትከሻ ላይ መጣል ግን ክብሩ ነው። ልጄ የዚያን ቀን ተረኛ ነበረች። የጀሪካኑን ቧንቧ ከፍታ የጎረቤቴን ልጅ እጅ ስታስታጥብ "ጣቶችህን፣ በመሐላቸውም" እያለች ታዘዋለች። እሱም በመሐላቸው አሸ። ከዚያ ተቀምጦ መንደሪኑን ልጦ በየፍልቃቂው ለየ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ከሰርቪስ ወርዳ በሬ ላይ ቆመች፤ የፋብሪካው ክር ሹራቧ ላይ ተጣብቋል። ልጇን ሳታቅፍ በፊት ጠየቀችኝ።

"ታጥበው ነበር?"

"በደንብ አድርገው ታጥበዋል" አልኳት።

ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ ጎንበስ አለች።

"እሺ፣ የኔ ጌታ፤ ዛሬ ማንን አጎረስክ?"